ከምሰሶው ሥር

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ጃንተከል ዋርካ ሥር፣
ውሻ እንኳን ሳይነቃ አዛናው ሲጀምር፣
ምሰሶውን ያያል፣ በመዶሻ ይመታል፣
ጆሮውን ለጥፎ ውስጡን ያዳምጣል፤
(የበሰበሰ እንጨት ለሚሰማው ያወራል።)
ቀበቶውን ያስራል፣ ደግሞ ይፈታዋል፣
ደግሞ ያጠብቃል።
ጓንቱን ነፍቶ ያያል፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው፤
«ገመዱን ያዝክልኝ?» ይለኛል ደጋግሞ፣ እንደማያምነኝ ሰው።
ያን ጊዜ አዛናው
እንደ አሮጌ ቄስ ነው፣ ደረጃ እንደሚፈራ፣
እግሩን የሚያነሣ በተራ በተራ።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ፣
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፒያሳ መሐል ላይ፣
መብራት የጠፋበት ሰው አንጋጥጦ ሲያይ፣
ጸጉር አስተካካዩ ወጥቶ፣ መላጫው በእጁ፣
ደንበኛውም፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ፎጣ እንዳነገተ፣ ቆሞ ከደጁ፣
የጭማቂ ቤቷ ልጅ ማንኪያዋን እንደያዘች፣
አንዲት ነፍሰ ጡርም የምትሄድበትን ረስታ፣ ዣንጥላ ዘርግታ እዚያው እንደቆመች፤
ያን ጊዜ
ምሰሶው ያጥራል።
ቀበቶው ከወገቡ እንደ ጅራት ይወርዳል፤
በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ በሌላው ስልክ ያነሣል፤
ሽቦ በጥርሱ ይልጣል፤
ያፏጫል።
«አቤት ወንድ!» ይላል አንዱ።
«ነብር እኮ ነው!» ይላል ሌላው፣ የራሱ ልጅ ይመስል።

ቢሯችን ግድግዳ ላይ ሥዕል ተለጥፏል፤
ቀበቶ የሌለው ሰው በቀይ ተሰርዟል።
ሥዕሉ ላይ ግን ከሥር ቆሞ የሚያይ ሰው የለም።

እኔም ገመዱን ጨብጬ፣
«ቀበቶህን እሰር» የምትል ቃል አላምጬ፣
መልሼ ውጬ።
እንዴት ልበል? ሕዝብ ፊት? ያሳደገኝ ሰፈር
«ይኸ ፈሪ» ቢለኝ? እሱስ በእኔ ቢያፍር?
ይሉኝታ ነው እንጂ ገመዱን የያዘው፣
የእኔማ እጅ ላብ ነው።

(አውቀዋለሁ እኮ።
ልጅ ሆኜ በጥምቀት፣ ፋሲል መዋኛ፣ ከግንቡ ጫፍ ዘለልኩ፤
ዋና ሳልችል ዘለልኩ።
ያጨበጨቡልኝን አንዱንም አላውቅም፤
ጎትቶ ያወጣኝን መልኩን አላስታውስም።
በኅዳር ብቻዬን ሄጄ ግንቡን ሳየው፣
ከከፍታው ይልቅ ያስፈራኝ ዝምታው።)

ማክሰኞ ዕለት ነበር። ዝናቡ እንዳባራ፣
ሽቦው ጠብታ ይዞ በፀሐይ ሲያበራ፣
አዛናው አናት ላይ፣ ከሥሩ ገበያ፣
ቀበቶው ሲወዛወዝ፣ ወዲህ፣ ደግሞ ወዲያ፣
ከትምህርት ቤት ከሚመለሱት መሐል አንዲቷ ቀረች፤
የደብተር ቦርሳዋን በሆዷ አቀፈች።
ትርንጎ ናት፣ ልጁ።
«አባዬ» አላለችም። አላጨበጨበች።
ጥፍሯን በጥርሷ ይዛ ዝም ብላ አየች።

ምን እንደታየው እንጃ፤ ከዚያ ሁሉ ዓይን መሐል
ያንዲት ልጅ ዓይን እንዴት ከፍታ ያበዛል?
ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ወገቡን ዳበሰ፤
ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ፣ ቀበቶውን መለሰ።
ቀጭ!
እኔና እሷ ብቻ ሰማነው።
«ደከመው መሰለኝ» አለ አንዱ፣ ቅር ብሎት፤
ጸጉር አስተካካዩም ገባ፣ የቀረውን ግማሽ ሊላጭለት።

መብራቱ መጣ። ሁሉም «ይኸው!» ብሎ ሄደ።
አዛናው በአንድ እጁ መሣሪያ፣ በሌላው ልጁን ይዞ
ቁልቁለቱን ወረደ።
ስለዚያ አላነሣም። እኔም አላነሣሁ።

ትናንት ሌሊት ግን፣ ወደ ቁስቋም መንገድ፣ ብቻዬን ተልኬ፣
ምሰሶውን መትቼ፣ ጆሮዬን ለጥፌ፣ ቀበቶዬን አስሬ፣
ግማሽ ላይ ስደርስ ቁልቁል ተመለከትኩ፤
ማን እንደሚያየኝ ላይ።
ጨለማ። ያደረ ጭቃ። የቆመ ጋሪ።
እኔ ልጅ የለኝም።
ቢሆንም አጠበቅሁት አንዴ፣
ደግሞ አንዴ፣
ሰው እንዳለ ቆጥሬ።